የእርሻ ሞተር ስለሚቆምበት ምክንያትና ስለ ጠባቂው ትምህርት

መሣሪያ የተሠራው የሰውን ድካም ለመቀነስ ነው። ነገር ግን ጠባዩን በማያውቅ ሰው እጅ ሲገባ ድካምን በመቀነስ ፈንታ ድካምን ይጨምራል፤ ዕዳንም ያመጣል። ይህ ነገር በአገራችን ብዙ ጊዜ የታየ ስለሆነ፥ ዛሬ በእርሻ መካከል እየተነሣ ስለሚቆም ትንሽ የናፍጣ ሞተር ጥቂት ቃል ለመጻፍ አሰብን። ይህ የጋራዥ ወሬ ነው፤ ለሹማምንትና ለካህናት ምን ይረባቸዋል? የሚል አንባቢ ቢኖር፥ እስከ መጨረሻው ታግሦ እንዲያነብልን እንለምነዋለን። የሚቆመው ሞተሩ ብቻ አለመሆኑን ያን ጊዜ ይረዳዋል።

የጋይንት፥ የስማዳና የእስቴ አገር ከጉና ተራራ ጀምሮ እስከ ዓባይና እስከ በሽሎ ሸለቆ የሚወርድ ነው። የጉና ራስ ከባሕር ወለል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ሲሆን፥ ነፋስ መውጫ ከተማም 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በደጋው ገብስና ድንች፥ በወይና ደጋው ስንዴና ጤፍ፥ በቆላው ማሽላ ይዘራል። የሚታረሰው መሬት ጠባብና ተዳፋት ስለሆነ ለትልቅ ትራክተር አይመችም፤ ገበሬውም ከጥንት ጀምሮ በበሬ ያርሳል። ለእንዲህ ያለው አገር የሚታሰበው ሁለት ጎማ ብቻ ያለው፥ ነጂው ከኋላው እየተራመደ በእጁ የሚመራው፥ አንድ ፒስተን ያለው ትንሽ የእርሻ መኪና ነው። ዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማዕከልም ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ጥቂት ዓመታት በኢትዮጵያ፥ በኬንያ፥ በታንዛንያና በዚምባብዌ ይህን ዐይነት መኪና ለአነስተኛ ገበሬ አስሞክሯል። ይኸው ዐይነት ሞተር የእህል ወፍጮንና የውሃ መሳቢያን ያንቀሳቅሳል፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የምንጽፈው ለወፍጮውም ለውሃ መሳቢያውም ያገለግላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰኔ ወር ወደ እስቴ ወርደን ሳለ ያየነውን እንናገራለን። አራት ገበሬዎች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ በሬ ሸጠው፥ የጎደለውንም ተበድረው፥ አንዲት ትንሽ የእርሻ መኪና በማኅበር ገዝተው ነበር። መኪናይቱ በማለዳ በደኅና ትነሣለች፤ ሩብ ሰዓት ያህል ካረሰች በኋላ ድምፅዋ እየሰለለ፥ ኀይልዋ እየደከመ ሄዶ ትቆማለች። ጥቂት ካረፈች ደግሞ ትነሣለች፤ እንደ ገና ትቆማለች። በዚህ ጊዜ የመንደሩ ሰው ሁሉ ምክንያት አወጣላት። አንዱ በሚካኤል ዕለት ስለ ታረሰባት ነው አለ። ሁለተኛው ሻጩ አሮጌ ሞተር ቀለም ቀብቶ ሰጥቶን ነው አለ። ሦስተኛውም ዐይን በልቷት ነው አለ። ከከተማ በብዙ ገንዘብ የመጣ አንድ ሠራተኛም ምንም ሳይጠይቅ፥ በሜዳ ላይ ነፋስ እየነፈሰ ማዳበሪያ አንጥፎ፥ የናፍጣ መግፊያውን ፖምፓ በትኖ ገጠመው። ከዚያ በኋላ መኪናይቱ ፈጽሞ አልነሣም አለች።

ብዙ ዘመን የናፍጣ ወፍጮ ሲጠብቁ የኖሩ አንድ ሽማግሌ በአቅራቢያው ነበሩና በመጨረሻ ተጠሩ። ሽማግሌውም መፍቻ ሳያነሡ አስቀድመው ከባለቤቶቹ አንዱን፥ «ልጄ፥ አስቀድሞ ሲቆም እንዴት ሆኖ ነበር የሚቆመው? እንደ ተመታ ሰው ድንገት ነው፥ ወይስ እንደ ተራበ ሰው እየደከመ?» ብለው ጠየቁት። እርሱም፥ «እየደከመ ነው አባቴ፤ ትንሽ ካረፈ በኋላ ደግሞ ይነሣ ነበር» ብሎ መለሰ። «እንግዲያው ተርቦ ኖሯል እንጂ አልታመመም ነበር» አሉ። ወዲያውም የናፍጣውን መያዣ ቢያዩት፥ ክዳኑ ዝናም እንዳያስገባ ተብሎ በፌስታል ተጠቅልሎ፥ በሲባጎ ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። በክዳኑ ላይ ያለችው ትንሽ የመተንፈሻ ቀዳዳ ተደፍናለች። አየር ከላይ ካልገባ ናፍጣው ወደ ታች አይወርድምና፥ ሞተሩ ጥቂት ሠርቶ ይራብ ነበር። የበሽታው መድኃኒት ሲባጎውን መፍታት ነበረ። ነገር ግን ፖምፓው በአቧራ መካከል ተበትኖ ተበላሽቷልና፥ ሌላ እስኪመጣ ድረስ ሰኔም ሐምሌም አለፈ። እነዚያ ገበሬዎች በሬ ለምነው የመሬታቸውን እኩሌታ ብቻ ዘሩ፤ ያበደራቸው ሰው ግን እኩሌታውን አልተወላቸውም።

እንግዲህ ሞተሩ በምን ሕግ እንደሚሠራ ጥቂት እንግለጥ። ይህን ሞተር ያወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1858 በፓሪስ የተወለደው ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል ነው። በ1892 የፈጠራውን መብት በጀርመን አገር አስጻፈ፤ በአውግስቡርግ ከተማም ሞተሩን ያሠራ ጀመር። በየካቲት 1894 የርሱ ሞተር ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ኀይሉ ዞረ፤ ነገር ግን 88 ጊዜ ዞሮ አንድ ደቂቃ ያህል ከሠራ በኋላ ቆመ። ዲዝል ግን ምክንያቱን አንድ በአንድ እየፈለገ ሦስት ዓመት ደከመ፤ በ1897 በሊቃውንት ፊት የተመሰገነውን ሞተር አቆመ። ስለዚህ ሞተሩ ቆመብኝ ብሎ የሚያዝን ገበሬ፥ የመጀመሪያው የናፍጣ ሞተር በፈጣሪው ፊት እንደ ቆመ ዐውቆ ሊጽናና ይገባዋል። ዲዝል ያደረገውን እንዲያደርግ፥ ይኸውም ምክንያቱን እንዲፈልግ፥ ግን የሚያስተምረው ያስፈልገዋል።

የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር የእሳት ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ የለውም። ፒስተኑ አየሩን ከ16 እስከ 20 እጅ እስኪያንስ ድረስ ይጨምቀዋል፤ በዚህ መጨመቅ አየሩ ከ500 ዲግሪ በላይ ይግላል። በጋለው አየር ላይ ናፍጣው እንደ ጉም ሆኖ ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ይህ ሞተር ሦስት ነገር ይሻል፤ ንጹሕ ናፍጣ፥ በቂ አየርና የማያፈተልክ መጨመቅ። መጨመቁ ፈጽሞ የጠፋበት ሞተር ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያውም አይነሣም። ተነሥቶ የሚቆም፥ ደግሞም የሚነሣ ከሆነ ግን፥ አስቀድሞ የሚጠረጠረው የናፍጣው መንገድ ነው።

የናፍጣው መንገድ አጭር ነው። ከመያዣው ተነሥቶ በቧንቧ ወደ ማጣሪያው፥ ማለት መካኒኮች ፊልትሮ ወደሚሉት ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ ፖምፓው፥ ከፖምፓው ወደ መርጫው፥ ማለት ወደ ኖዝሉ ይሄዳል። በፖምፓው ውስጥ ያለው ዘንግና ማደሪያው እጅግ የተጠጋጉ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት የአንዲት የሰው ጠጉር ውፍረት ለ20 ቢከፈል አንዱን ክፍል የማያክል ነው። እንኳንስ አሸዋ ይቅርና፥ ዐይን የማያየው ትቢያ ሊፍቀው፥ የውሃ ጠብታም ሊያዝገው ይችላል። በሜዳ ላይ ፖምፓ መበተን የማይገባውም ስለዚህ ነው።

ሞተር በአነጋገሩና በጭሱ በሽታውን ይናገራል። ልብ ብሎ ለሚሰማ ሰው ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። እየደከመ ሄዶ የሚቆምና ካረፈ በኋላ የሚነሣ ሞተር ናፍጣ አጥሮበታል፤ የክዳኑ ቀዳዳ ተደፍኗል፥ ወይም ማጣሪያው በቆሻሻ ተሞልቷል፥ ወይም ቧንቧው ታጥፏል። ድምፁ ከፍ ዝቅ እያለ፥ ነጭ ጭስ እያወጣ እየተደናቀፈ የሚቆም ሞተር በናፍጣው ውስጥ አየር ወይም ውሃ ገብቶበታል። ጥቁር ጭስ እያጨሰ በከባድ መሬት ላይ የሚቆም ሞተር ጭነቱ በዝቶበታል፥ ወይም የአየር ማጣሪያው በአቧራ ታፍኗል። ድንገት እንደ ተመታ ዝም የሚል ሞተር ማቆሚያው ወይም የናፍጣው መክፈቻ በመንቀጥቀጥ ተዘግቶበት ሊሆን ይችላል። በጣም ግሎ የቆመና በእጅ ሲያዞሩት የሚከብድ ሞተር ግን ዘይት ወይም የማቀዝቀዣ ውሃ አጥቷልና፥ እስኪበርድና ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ማንም እንዳያስነሣው። የጋለውንም ውሃ ክዳን የሚከፍት ሰው ፊቱን ይቃጠላል።

ምልክቱን ያየ ሰው ሥራውን ከቀላሉና ከቅርቡ ይጀምር። አስቀድሞ በመያዣው ውስጥ ናፍጣ መኖሩን ይይ፤ ክዳኑን አላልቶ ይሞክር። ክዳኑ ሲላላ ሞተሩ መሥራቱን ከቀጠለ ምክንያቱ ተገኘ። ካልሆነ ቧንቧውን ከማጣሪያው በፊት ፈትቶ ናፍጣው በደንብ መውረዱን ይመልከት፤ በጠብታ ብቻ የሚወርድ ከሆነ መንገዱ ከላይ ተዘግቷል። በደንብ ከወረደ ደግሞ ጥቂቱን በብርጭቆ ቀድቶ ያሳርፈው፤ ውሃ ካለበት ከሥር ተለይቶ ይቀመጣል። ቀጥሎ ማጣሪያውን ይለውጥ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጥ፤ ሦስት ነገር ባንድነት የነካ ሰው ሞተሩ ቢነሣ እንኳ የትኛው እንዳዳነው አያውቅም፥ በሚመጣውም ጊዜ እንደ ገና ይሳሳታል።

የናፍጣው መንገድ በተከፈተ ቁጥር አየር ይገባል፤ አየርም ናፍጣውን ያቋርጠዋል። ስለዚህ በማጣሪያው ላይና በፖምፓው ላይ ያሉትን ትንንሽ ቡሎኖች በየተራ አላልቶ፥ አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወርድ ድረስ ጠብቆ ማጥበቅ ያስፈልጋል። በትንንሾቹ ሞተሮች ብዙውን ጊዜ መያዣው ከላይ ስለሆነ ናፍጣው በገዛ ክብደቱ ይወርዳል፤ ይህ ሥራ ከጥቂት ደቂቃ አይበልጥም። ወደ ኖዝሉ የሚሄደውን ቧንቧ አላልቶ ሞተሩን የሚያዞር ሰው ግን እጁን ከፊቱ ያርቅ፤ ፖምፓው የሚገፋው ናፍጣ የሰውን ቆዳ በስቶ ሊገባ የሚችል ኀይል አለውና።

በጋይንትና በእስቴ ደጋ ላይ ደግሞ የአገሩ ጠባይ የሚያመጣው ልዩ ነገር አለ። አንደኛው ተዳፋቱ ነው። ናፍጣው በመያዣው ውስጥ ሲያንስና መኪናይቱ በተዳፋት ላይ ስታጋድል፥ የመውጫው ቀዳዳ ከናፍጣው በላይ ይቀርና አየር ይጠጣል፤ በሜዳ ላይ ደኅና የነበረው ሞተር በገደሉ አጠገብ ይቆማል። መድኃኒቱ መያዣውን ሳያጎድሉ ማረስ ነው። ሁለተኛው ከፍታው ነው። ከፍ ባለ አገር አየሩ ስስ ስለሆነ፥ ነፋስን በግድ የሚያስገባ መሣሪያ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከኀይሉ ዐሥር እጅ አንዱን ያህል ያጣል፤ በ3,000 ሜትር ላይ የሚያርስ ሞተርም ከኀይሉ ሩብ ያህል የቀረበት ነው። ሞፈሩን በቆላ ባሰመጡበት መጠን በደጋ ማስመጥ ሞተሩን ማፈን ነው። ሦስተኛው ሌሊቱ ነው። በብርድ ሌሊት እኩሌታው ባዶ የሆነ መያዣ ከውስጡ ውሃ ያዥበታል፤ ስለዚህ ማታ ሞልቶ ማሳደር ይበጃል። አራተኛው የናፍጣው አመጣጥ ነው። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ ወደ ወልድያ ከሚሄደው ጐዳና ርቆ ለሚኖር ሰው፥ ናፍጣው በበርሜልና በጀሪካን እየተገለበጠ ይደርሰዋል፤ በመገልበጡም ሁሉ ውሃና ትቢያ ይጨመርበታል። አንድ ሌሊት አሳርፎ፥ የሥሩን ሳይነኩ የላዩን በንጹሕ ጨርቅ አጥልሎ የሚጠቀም ሰው የፖምፓውን ዕድሜ ያረዝማል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ይህ ሁሉ ዕውቀት ከአንድ ሳምንት ትምህርት የሚበልጥ አይደለም። ታዲያ ሞተሩን ለመግዛት ብዙ ሺሕ ብር የተገኘለት ገበሬ የአንድ ሳምንት ትምህርት ስለ ምን አጣ? የጋይንት አገር ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆን ሥርዐት ያለው ነው። ድጓ የተማረ ሰው በሄደበት ሁሉ መምህር ተብሎ ለመቀመጥ በጋይንት ቤተ ልሔም ገብቶ ያስመሰክራል፤ ዝማሬና መዋሥዕት የተማረም በዙር አምባ ያስመሰክራል። ድጓውን በትከሻው ተሸክሞ ስለ መጣ ብቻ ባለ ድጓ የሚባል የለም፤ መጽሐፍ መያዝ ሌላ፥ ማወቅ ሌላ ነውና። መምህሩ ፊት ቀርቦ፥ የጎደለው ተሞልቶ፥ የተሳሳተው ታርሞ ነው የሚመሰከርለት። ለዜማ እንዲህ የተጠነቀቀ አገር፥ ለእንጀራው መገኛ የሚሆነውን ሞተር ያልተፈተነ ሰው እጅ ሲያስረክብ ዝም ማለቱ የሚያሳዝን ነው።

ከዚያው አገር የሚወሰድ ሌላ ትምህርትም አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት፥ ዋልድማየርንና ሌሎች የውጭ አገር ሠራተኞችን ሰብስበው መድፍ አሠሩ፤ ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁም መድፍ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝን ነበር። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፥ በጋይንት በኩል መንገድ እያስቆፈሩ፥ ሕዝቡ በገመድ እየጎተተው፥ በመጋቢት ወር መቅደላ አደረሱት። መድፉ ዛሬም በመቅደላ ላይ ይታያል፤ የጋፋት ሥራ ግን ከንጉሡ ሞት በኋላ አልቀጠለም። ብረቱ ተራራ ወጣ፤ ጥበቡ ግን በጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ ስለ ነበረ ለልጅ አልተላለፈም። ሞተርን ሰጥቶ ጥበቡን መንፈግ ይህንኑ ነገር በትንሹ መድገም ነው።

አንዳንድ ሰዎች፥ ጥፋቱ የመለዋወጫ ዕቃ መጥፋት ነው፤ ሞተሮቹም ርካሾች ናቸው ይሉ ይሆናል። ይህም እውነት ያለበት ነው። መለዋወጫ በጊዜው የማይገኝለት ሞተር ባለሙያ ቢኖርለትም ይቆማል። ነገር ግን ከላይ የነገርነው ሞተር የጠየቀው መለዋወጫ አልነበረም፤ ሲባጎ የሚፈታለት ሰው ነበር። መለዋወጫ ያስፈለገው ያልተማረ እጅ ከነካው በኋላ ነው።

ስለዚህ የሚመለከታቸው ሹማምንት ይህን እንዲያስቡበት በትሕትና እናሳስባለን።

1ኛ፤ ለገበሬ ማኅበር ሞተር ከመሰጠቱ በፊት፥ ከማኅበሩ ሁለት ሰዎች ተምረው፥ በፈታኝ ፊት ማጣሪያ ለውጠው፥ አየር አስወጥተው፥ የቆመ ሞተር አስነሥተው ይመስከርላቸው። አንዱ ቢታመም ሁለተኛው እንዲተካ ሁለት መሆናቸው ይጠቅማል።

2ኛ፤ ማጣሪያ፥ ቧንቧና ቺንጊያ በወገዳ፥ በመካነ ኢየሱስ፥ በነፋስ መውጫና በአርብ ገበያ ከግንቦት በፊት ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። በሐምሌ የሚደርስ ማጣሪያ ለሚመጣው ዓመት እንጂ ለዘንድሮ አይረባም።

3ኛ፤ ከሞተሩ ጋር በባዕድ ቋንቋ የሚመጣው መመሪያ በአንድ ገጽ በአማርኛ ተጽፎ፥ ሥዕል ተጨምሮበት ይሰጥ።

4ኛ፤ ሞተሩ የሠራበት ሰዓት፥ ማጣሪያና ዘይት የተለወጠበት ቀን የሚጻፍበት መዝገብ ይኑር። መዝገብ የሌለው ሞተር ታሪኩ የማይታወቅ በሽተኛ ነው።

ለካህናት አባቶቻችንም የምንለው አለን። ሕዝቡ እናንተን ይሰማል። ሞተር ሲቆም በበዓል ስለ ታረሰ ነው የሚለው ቃል ከእናንተ አፍ እንደ ወጣ ሆኖ ይነገራል። በዓል ይከበር፤ በዓልን የማክበር ምክንያት ግን የእግዚአብሔር ትእዛዝ እንጂ የማጣሪያ መደፈን አይደለም። በተደፈነ ቀዳዳ ምክንያት የሚካኤልን ስም ማንሣት መልአኩን ማክበር አይሆንም፤ ገበሬውንም መድኃኒቱን ከመፈለግ ያስተኛዋል። እንዲሁም ብረት የሚነካውን ሰው በክፉ ስም መጥራት የቆየ ጥፋት ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር በዐዋጅ ከልክለው ነበር። ዛሬም ቢሆን ዘይት የነካው ልብስ የለበሰ ወጣት በመንደሩ የሚከበርበት ቀን እንዲመጣ የእናንተ ቃል ይረዳል። ማንበብ የሚችል ዲያቆንም የሞተሩን መመሪያ ለጎረቤቱ ቢያነብለት፥ መዝገቡንም ቢጽፍለት፥ ከአገልግሎቱ የሚያጎድልበት ነገር የለም።

ሽማግሌው የወፍጮ ጠባቂ ያን ቀን ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ፥ ከአራቱ ገበሬዎች የአንዱን ልጅ ጠርተው የክዳኑን ቀዳዳ በስንደዶ እንዴት እንደሚጠርጉ አሳዩት፤ ደግሞም በፊታቸው እንዲያደርገው አዘዙት። ልጁም አደረገው። ትምህርት ማለት ይኸው ነው፤ ምስክርም ማለት ይኸው ነው። ይህ በአንድ ሽማግሌ ቸርነት የተደረገው ነገር በየወረዳው በሥርዐት እንዲደረግ መትጋት የሁላችን ፈንታ ነው። ለዚህም እግዚአብሔር ልብና ብርታት ይስጠን።